ከሮቢንሰን በፊት ዊል ነበረ

ሮቢንሰን ክሩሶን ያላነበበ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። የሚያወጣ ያለ አይመስለንም። ያቺን ባለሥዕል ቀጭን መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ ይለምዱባት ተብላ በየክፍሉ የምትታደለዋን፣ ሁላችንም በልጅነታችን ለሁለት ለሦስት እየተቧደንን አንብበናታል። እኛ እጅ የገባችው ቅጂ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች ተገንጥለውባት ስለነበር፣ ከመካከላችን ሰውዬው አገሩ ይግባ አይግባ ሳያውቅ ለአካለ መጠን የደረሰ አለ። የቀረውን ግን በቃላችን ይዘነዋል። መርከብ ይሰበራል፤ አንድ ሰው ብቻውን ከሞት ይተርፋል፤ በላቡ ቤት ይሠራል፣ እህል ይዘራል፣ ፍየል ያረባል፣ ከፍየል ቆዳ ጃንጥላ ሰፍቶ ይይዛል፤ አንድ ቀን አሸዋ ላይ የሰው ዱካ ያያል፤ ከዓመታት በኋላ ፍራይደይ ይመጣል። "ሥራ ወዳድነትን ከዚህ ሰው ተማሩ" እንባል ነበር። እኛም ተማርን።

ሙሉውን መጽሐፍ ያገኘነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። ዳንኤል ዲፎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ለንደን ላይ ያሳተመው በሚያዝያ ወር 1719 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን)። ስናነበው ቀጭኗ መጽሐፍ ምን ምን ደብቃን እንደኖረች አየን። ሮቢንሰን መርከቡ የተሰበረበት ለንግድ ሲሄድ ነው ብላን ነበር። ምን ንግድ? ሰውዬው ብራዚል ውስጥ እርሻ ነበረው፤ ጎረቤቶቹ የእርሻ ባለቤቶች "ጉልበት አጠረን" ብለው መከሩና እሱን ወደ ጊኒ ጠረፍ ላኩት፤ አፍሪካውያን ገዝቶ በስውር ሊያመጣላቸው። በመስከረም መጨረሻ 1659 ተሰበረ የተባለው መርከብ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ዙሪ የሚባል ልጅ ነበር። ሮቢንሰን ራሱ ሞሮኮ ላይ በባርነት ተይዞ ኖሮ በጀልባ ሲያመልጥ አብሮት የሸሸ፣ ክፉ ቢመጣ እኔ ልበላና አንተ ዳን ያለው ልጅ። ይህን ልጅ ሮቢንሰን ለአንድ የፖርቱጋል መርከብ አዛዥ በስልሳ የስፓኝ ጠገራ ብር ሸጠው። በኋላ ጸጸት ያዘው። ምነው ቢሉ፣ እርሻው ላይ የሚያግዘው አጣ!

እኛም ይህችን መጽሔት ስናዘጋጅ ስቴንስል እየጎደለብን ስንት ነገር እንቆርጣለን፤ ስለዚህ ባሳጠረው ሰው ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ብቻ፣ ሰው ቦታ ሲጠበው አስቀድሞ የሚቆርጠው ምኑን እንደሆነ ማየት ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ ብዕር ያነሣነው ለዚህ አይደለም። ሮቢንሰን የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ እውነተኛ ምሳሌ መሆኑን የአየርላንዱ ደራሲ ጄምስ ጆይስ በ1912 ትሪየስት ከተማ ባደረገው ንግግር ተናግሮታል። ማርክስም በ1867 በወጣው የካፒታል የመጀመሪያ ቅጽ፣ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህን ሰውዬ እንዴት እንደሚወዱት እያሾፈ አንሥቶታል። እነሱ ያሉትን መድገም ወረቀት መጨረስ ነው። የእኛ ጥያቄ ጠበብ ይላል። ለመሆኑ በእውነተኛይቱ ደሴት ላይ ብቻውን የኖረው ማን ነበር? ማንስ ከማን ተማረ?

እውነተኛይቱ ደሴት የምንላት በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከቺሊ ጠረፍ ወደ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ነው። ተራራማ ናት፣ ገደሏ ባሕር ውስጥ ይወርዳል፣ ጥሩ ውሃ አላት። ሁዋን ፈርናንዴዝ የተባለ የስፓኝ መርከበኛ በ1574 ደረሰባትና በእሱ ስም ተጠራች። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ አውሮፓውያን "ሰው አልነበረባትም" ያሏቸው አገሮች አብዛኞቹ ሰው ነበረባቸው፣ ይህች ግን በእርግጥ አልነበረባትም። ስፓኞች ፍየል ለቀቁባት፤ ፍየሉ ረባ፤ ገደሉን ሞላው። ከዚያ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የስፓኝን መርከብ የሚዘርፉ የእንግሊዝ የባሕር ወንበዴዎች ነገሩን ሰሙ። ውሃ አለ፣ ሥጋ አለ፣ የሚያይ የለም። ወንበዴ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

"የሮቢንሰን ምንጭ ማነው?" ሲባል በየመግቢያው የሚጠቀሰው አሌክሳንደር ሴልከርክ የተባለው ስኮትላንዳዊ መርከበኛ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ከሴልከርክ 23 ዓመት በፊት ግን ሌላ ሰው ነበር። ስሙን እንግሊዞቹ ዊል አሉት። የመካከለኛው አሜሪካ ሰው ነው፤ ዛሬ ኒካራጓና ሆንዱራስ በሚባሉት አገሮች ጠረፍ ከሚኖረው ከሞስኪቶ ሕዝብ የተወለደ። ወንበዴዎቹ ሞስኪቶዎችን ይዘው የሚዞሩት ለጽድቅ አልነበረም። ዓሣና የባሕር ኤሊ በጦር በመውጋት ወደር ስላልነበራቸው ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሞስኪቶ በመርከቡ ካለ መቶ ሰው ይመግባል ይባል ነበር። በአጭሩ ዊል የወንበዴዎቹ ቀለብ ሰፋሪ ነው።

የዊልን ታሪክ የጻፈልን ዊልያም ዳምፒየር ነው። እሱም ያኔ ከወንበዴዎቹ አንዱ ነበር፤ በኋላ በ1697 "አዲስ ጉዞ በዓለም ዙሪያ" የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ ስመ ጥር ሆነ። በጥር 1681 የእነዳምፒየር መርከብ ደሴቲቱ ላይ ቆሞ ሳለ የስፓኝ መርከቦች ድንገት ብቅ አሉ። አዛዡ ዋትሊንግ ሰዎቹን አስቸኩሎ አሳፈረና ሸራ ዘረጋ። ዊል ጫካ ውስጥ ፍየል እያደነ ነበር። ሲመለስ መርከቡ የለም።

ያለው ምን ነበር? አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ቢላዋ፣ ትንሽ የባሩድ ቀንድ፣ ጥቂት ጥይት። በቃ። ጥይቱ ሲያልቅ ምን እንዳደረገ ልብ ብላችሁ ተከተሉን። ቢላዋውን ጥርስ አወጣለትና መጋዝ አደረገው። በዚያ መጋዝ የጠመንጃውን አፈሙዝ ቆራረጠው። ቁርጥራጩን ብረት እሳት ውስጥ አግሎ በድንጋይ እየቀጠቀጠ የዓሣ መውጊያ ጦር፣ መንጠቆና ረጅም ቢላዋ ሠራ። መንጠቆ እስኪሠራ ድረስ ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሥጋ ይበላ ነበር፤ መንጠቆ ካገኘ በኋላ ሲል የሚገድለው ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ጠፍር ከቆዳው ለማውጣት ብቻ ሆነ። ከባሕሩ ራቅ ብሎ ጎጆ ቀለሰ፤ ውስጡን በፍየል ቆዳ ለበጠው፤ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ሠርቶ በላዩ ቁርበት አንጥፎ ይተኛል። ልብሱ አልቆ ወገቡ ላይ የቀረው አንድ የፍየል ቆዳ ነው። ስፓኞች ሰው መቅረቱን ስላወቁ ደጋግመው ፈለጉት፤ አላገኙትም።

አሁን ዳምፒየር ያላት አንዲት ነገር አለች፤ እኛን ያስቆመችን እሷ ናት። ይህ ሁሉ የሞስኪቶዎችን ብልሃት ለማያውቅ ሰው ተአምር ይመስለው ይሆናል፣ እነሱ ግን አገራቸው ውስጥ ያለ ወናፍና ያለ መስፍ ዘወትር የሚሠሩት ነገር ነው ይላል። አያችሁት? ዊል ብቻውን ነበር፣ እውቀቱ ግን የብቻው አልነበረም። አባቱና አጎቶቹ ያስተማሩት እጅ ነው የጠመንጃ አፈሙዝ የቆረጠው። ደሴት ላይ የወደቀው አንድ ሰው ነው፤ አብሮት ግን አንድ ሙሉ ሕዝብ ነበረ።

በመጋቢት 1684 ዳምፒየር በሌላ መርከብ ያንኑ ደሴት ዳግመኛ ደረሰ። ዊል ከሩቅ መርከቧን አይቶ የእንግሊዝ መሆኗን ገምቶ ኖሮ፣ ጠዋት ሦስት ፍየል አርዶ፣ ከዘንባባ ለጋ ጎመን ጋር ሠርቶ ጠበቃቸው። ጥለውት የሄዱትን ሰዎች ድግስ ደግሶ ነው የተቀበላቸው! ከጀልባው መጀመሪያ ዘሎ የወረደው ሮቢን የሚባል ሌላ ሞስኪቶ ነበር። ሮጠና በዊል እግር ሥር በግንባሩ ተደፋ። ዊል አነሣውና አቀፈው። ከዚያ ዊል በተራው በሮቢን እግር ሥር በግንባሩ ተደፋ። ሮቢንም አነሣው። እንግሊዞቹ ቆመው አዩ፤ ወንበዴው ዳምፒየር እንኳን ልቡ ተነክቶ ስለ ርኅራኄውና ስለ ክብሩ ጽፏል።

ይህን ትዕይንት ለኛ ማብራራት አያስፈልግም። ትልቅ ሰው ጉልበት ልንስም ስንጎነበስ "ተው፣ ተው" እየተባልን በትከሻችን ተይዘን የተነሣን ልጆች ነን። መውደቅ ብቻውን ሰላምታ አይሆንም፤ የሚያነሣ እጅ ሲኖር ነው ሰላምታ የሚሆነው። እነዊል ደግሞ ከእኛም አለፉ፤ ተራ በተራ ወደቁ፣ ተራ በተራ ተነሡ። ታላቅና ታናሽ የለም።

እንግዲህ ይህን በልባችሁ ይዛችሁ የዲፎን መጽሐፍ ግለጡ። ፍራይደይ ከሚበሉት ሰዎች ሲያመልጥ ወደ ሮቢንሰን ይቀርባል፤ መሬት ይስማል፤ ራሱን መሬት ላይ አድርጎ የሮቢንሰንን እግር አንሥቶ በራሱ ላይ ያስቀምጣል። በዚያው ቀን እንቅልፍ ተኝቶ ሲነቃ ይህንኑ እንደገና ያደርጋል። ሮቢንሰን አይወድቅም። የወደቀው ሰው የባርነት መሐላ መግባቱ ነው ብሎ ተረጎመለት፤ የተጠየቀም ያስተረጎመም የለም። ከዚያ ሰውዬው ስም ወጣለት፤ የተገኘበት ቀን ዓርብ ነውና ዓርብ ተባለ። ቀጥሎ የተማረው ቃል "ጌታዬ" የሚል ነው፤ ይህም ያንተ መጠሪያ የእኔ ነው ተባለ። ከዚያ "አዎን" እና "አይደለም"። የአንድ ሰው ቋንቋ እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ቃላት ይጀመራል። የራሱ ስም ማን ነበር? ሮቢንሰን ለብዙ ዓመታት አብሮት ሲኖር አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

ስለ ስም ሲነሣ ዳምፒየርንም ዝም ብለን አንለፈው። ሞስኪቶዎች በመካከላቸው ስም የላቸውም፣ እንግሊዝ ስም ቢያወጣላቸው እንደ ትልቅ ውለታ ያዩታል ይላል። እኛ ይህን ለመቀበል ይቸግረናል። "ስም የለንም" ማለትና "ስማችንን ለናንተ አንሰጥም" ማለት ከውጭ ለሚሰማ አንድ ነው። ደግሞ ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም፤ በእኛም አገር ባርነት በ1942 በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ የገዛውን ሰው ስም የሚለውጥ ጌታ ነበር። ስለዚህ ዲፎን ስናማ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ።

አሁን ወደ ሴልከርክ። በ1704 ከአዛዡ ከስትራድሊንግ ጋር "ይህ መርከብ በልቶታል፣ ይሰምጣል" በሚል ተጣልቶ በዚያችው ደሴት ወረደ። ነገሩ ልክ ነበር፤ መርከቡ በኋላ ሰጥሟል። አራት ዓመት ከአራት ወር ኖረ። በየካቲት 1709 ውድስ ሮጀርስ የተባለ አዛዥ አነሣው፤ የሮጀርስ መርከብ መሪ ማን ነበር ቢሉ ያው ዳምፒየር! (ዳምፒየር ከዚያች ደሴት ላይ ሰው ያልጣለበትና ያላነሣበት ጊዜ የለም።) ሮጀርስ በ1712 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው ሴልከርክ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ስለቆየ ቃሉን እየገመሰ ነበር የሚናገረው፤ የሚለውን ለመረዳት ይቸግር ነበር።

ይህ ስኮትላንዳዊ አፍ የተሰበረው በአራት ዓመት ነው። የዲፎ ሮቢንሰን ደሴት ላይ ስንት ዓመት ኖረ? 28 ዓመት ከሁለት ወር ከ19 ቀን። አንደበቱ ግን አልተነካም፤ በቀቀን አስተምሮበታል፣ ይባስ ብሎ ሰው አስተምሮበታል። ተሰባብሮ የሚናገረው ማን ሆነ? ፍራይደይ! እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ድረስ።

እንግዲህ ሚዛኑን እንዲህ አድርገን እናየዋለን። ዲፎ ሲጽፍ ሁለት እውነተኛ ሰዎች ፊቱ ነበሩ። አንዱ ብረት ከምንም የሚሠራ ሞስኪቶ፣ ሌላው አፉ የተሰበረ ስኮትላንዳዊ መርከበኛ። ዲፎ የዊልን ብልሃት ወስዶ ለነጩ ሰጠው፤ የሴልከርክን ስብርብር አፍ ወስዶ ለሕንዱ ሰጠው። ልብ ወለዱ የቆመው በዚህ ልውውጥ ላይ ነው። የተማረው አስተማሪ ሆነ፣ የሚያውቀው ተማሪ ሆነ። ዲፎ የዳምፒየርን መጻሕፍት ከምንጮቹ እንደ አንዱ እንደተጠቀመባቸው የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ዊልን አላየውም ብሎ ለመከራከር ያስቸግራል።

ከመካከላችን አንዱ ረቂቁን አንብቦ ተቆጣ። "ልብ ወለድ እኮ ነው! ደራሲ የፈለገውን ከፈለገበት ወስዶ ላሻው ቢሰጥ መብቱ ነው። እናንተ ሐያሲ ናችሁ ወይስ ዳኛ?" አለን። መልካም ብሏል። እኛም ዲፎ ለምን ታሪክ አልጻፈም አላልንም። የምንለው፣ ልውውጡ ልብ ወለዱን ራሱን አንድ ቦታ ላይ አንከሰው ነው። ጀልባ የሚሠሩበትን ክፍል ተመልከቱ። ሮቢንሰን ለጀልባ የሚሆነውን ዛፍ የመረጠው ፍራይደይ መሆኑን፣ ከእሱ ይበልጥ እንጨት ማወቁን ራሱ ያምናል። እዚህ ላይ እውነት አምልጣ ወጣች! አንባቢ "እሰይ፣ አሁን ሰውዬው አንድ ነገር ሊማር ነው" ይላል። ወዲያው ግን ፍራይደይ ግንዱን በእሳት ልቦርቡር ሲል ሮቢንሰን መጥረቢያውን ያሳየዋል፤ ፍራይደይም ይደነቃል፤ ገጹ ይዘጋል። ደራሲው ሰውዬው እንዳይማር ቸኩሎ ደረሰለት። ይህ የፖለቲካ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የገጸ ባሕርይ ጉድለት ነው። 28 ዓመት ኖሮ ከሌላ ሰው አንዳች ያልተማረ ገጸ ባሕርይ የአንባቢን እምነት ያደክማል። ፍራይደይም ቢሆን ደግ፣ ታማኝ፣ ሳቂታ ከመሆን በቀር ምን ተሰጠው? ሌሊት ሲነቃ ስለ ምን ያስባል? አናውቅም። በሁለተኛው መጽሐፍ፣ በዚያው 1719 በወጣው፣ ባሕር ላይ በቀስት ይገደላል፤ ሮቢንሰን ያዝናል፤ ጉዞው ይቀጥላል።

ዲፎ ድንቅ ጸሐፊ መሆኑን ግን አንክድም። የሸክላውን ምዕራፍ ያነበበ አይክድም። ሮቢንሰን ማሰሮ ለመሥራት ሁለት ወር ለፍቶ ያገኘው ሁለት አስቀያሚ ነገሮች ነው፤ ጭቃው ይፈርሳል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፤ በኋላ በእሳት መሐል የወደቀ አንድ ገል ድንጋይ መስሎ ሲጠነክር ያይና ይነቃል። ከዚያ ማሰሮ ተኩሶ የግልገል መረቅ ይቀቅላል። አንባቢ እጁ በጭቃ እስኪለወስ ድረስ ነው የሚጻፈው። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ቢሰሙት "ይህን ሳያውቅ ነው ጢም ያበቀለው?" ብለው በሳቁበት ነበር። ሆኖም እናስተውል፤ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ባራቅንበት አገር የእጅ ሥራን በዚህ ትዕግሥትና ፍቅር የገለጸ ጽሑፍ ስንት አለን? ይህን ከዲፎ ብንማር ነውር የለበትም። ነውሩ እሱ ከዊል ተምሮ ዝም ማለቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ዳምፒየርን ቅዱስ ያደረግን እንዳይመስል። ይህ ሰው በ1691 ሰውነቱ በሙሉ በንቅሳት ያጌጠ ጆሊ የሚባል የሩቅ ምሥራቅ ደሴት ሰው ይዞ እንግሊዝ ገባ። ገንዘብ ስላጠረው ድርሻውን ሸጠው። ጆሊ "ልዑል" እየተባለ በገንዘብ ለተመልካች ሲታይ ቆይቶ ኦክስፎርድ ላይ በፈንጣጣ ሞተ። የዊልና የሮቢን ሰላምታ ያስለቀሰው ሰው ይኸው ነው። ታዲያ ጽሑፉን የምናከብረው ጸሐፊውን ስለምናከብር አይደለም። ያየውን ሳያስተካክል ስለጻፈ ነው። ወንበዴው ያልነካውን ደራሲው ነካው።

በኋላ ዘመን ነገሩን ለመጠገን የሞከሩ ደራስያን አሉ። ፈረንሳዊው ሚሼል ቱርንዬ በ1967 ፍራይደይን የሮቢንሰን አስተማሪ አድርጎ ጻፈ። የደቡብ አፍሪካው ኩትሲ በ1986 ምላሱ የተቆረጠ ፍራይደይ አመጣ፤ ማን እንደቆረጠውም ሳይነግረን ቀረ። ሁለቱም ጠንካራ መጻሕፍት ናቸው፤ ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን። ነገር ግን ሁለቱም የዲፎን ፍራይደይ ተቀብለው ነው የሚያርሙት።

ደሴቲቱስ ምን ሆነች? ልብ ወለዱ የሚያልቀው በሰፈራ ነው። ሮቢንሰን ተመልሶ ሄዶ መሬቱን ለሰፋሪዎች ያከፋፍላል፤ የሁሉም ባለቤትነት ግን ለራሱ ይሆናል። (የእኛ ሰው ጭሰኝነት ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይህን መስመር ማብራራት አያሻውም።) በእውነተኛይቱ ደሴት ሰፈራው የመጣው ባላባት ሳይሆን ወታደር ይዞ ነው። ስፓኞች ወንበዴዎቹ ሥጋ እንዳያገኙ ብለው ፍየሉን የሚጨርስ ውሻ ለቀቁባት፤ ይህም አልበቃም። በ1741 የእንግሊዙ አንሰን ስከርቪ በሚባለው በሽታ ያለቁ መርከበኞቹን ይዞ ገብቶ ለወራት አገገመባት። ስፓኝ ከዚህ በኋላ ዓይኗን ገለጠችና በ1749 ምሽግ መሥራት ጀመረች። በ1751 የምድር መንቀጥቀጥ ያስነሣው ማዕበል ሰፈሩን ጠረገው። እንደገና ተሠራ። በ1814 ስፓኝ የቺሊን ነጻነት ታጋዮች ድል ስታደርግ ብዙዎቹን ወደዚች ደሴት አግዛ ዋሻ ውስጥ አኖረቻቸው። የሮቢንሰን ገነት የተባለችው ወኅኒ ቤት ሆነች ማለት ነው። የሰንደል ዛፏንም ቆርጠው ጨረሱት፤ ካርል ስኮትስበርግ የተባለ የስዊድን የዕፅዋት ሊቅ የመጨረሻዋን ዛፍ በ1908 ፎቶግራፍ አነሣት፤ ከዚያ ወዲህ ያየ የለም። የዛሬዎቹ ነዋሪዎች የዓሣ አጥማጆች መንደር አላቸው፤ በ2010 ሌላ ማዕበል መጥቶ ቤታቸውን አፈረሰ፣ ሰውም ገደለ፤ እንደገና ሠሩ።

በ1966 የቺሊ መንግሥት ስሟን ለወጠ። ድሮ "ወደ የብስ የቀረበችው" ትባል የነበረችውን ደሴት ሮቢንሰን ክሩሶ አላት። ከእሷ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን፣ "ወደ ውጭ የራቀችውን" ደግሞ አሌሃንድሮ ሴልከርክ አላት። ለቱሪስት ይጠቅማል መሆኑ ነው። ቀልዱ፣ የዲፎ ደሴት እዚያ አይደለችም! በልብ ወለዱ ውስጥ ሮቢንሰን የወደቀው በአትላንቲክ በኩል፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ አፍ ትይዩ ነው። ሴልከርክም የኖረው አሁን ሮቢንሰን ክሩሶ በምትባለዋ እንጂ በስሙ በተጠራችው ላይ አይደለም። አንዱ ያልነበረባት ስሙን አገኘ፣ ሌላው ደግሞ በፈጠራ ሰው ከራሱ ደሴት ተፈናቀለ። የደሴቶቹ ቁጥር ሦስት ነው፤ ሦስተኛዋ፣ ትንሿ፣ ሳንታ ክላራ ትባላለች። ከዊል ቀጥሎ እንኳ ተራ የደረሰው የለም፤ ዊል ራሱ ተራ አልደረሰውምና።

በነገራችን ላይ "ሮቢን" እና "ሮቢንሰን" የሚሉትን ስሞች አስተያይቶ ከዚህ ነው የመጣው የሚል ቢኖር እኛ አንሄድበትም፤ ማስረጃ የለውም። ስሙ የእንግሊዝ ተራ ስም ነው። ለነገሩ ዊልም ሮቢንም ከመርከብ ላይ ተቸራቸው እንጂ እናታቸው ያወጣችላቸው አይደለም።

ዳምፒየር ስለ ዊል ያለው ሁሉ ሁለት ሦስት ገጽ ነው። ጦሩን፣ መንጠቆውን፣ ጎጆውን፣ ሦስቱን ፍየሎች አንድ በአንድ ቆጥሮ ጽፏል። ሁለቱ ሰዎች ተነሥተው ከተቃቀፉ በኋላ በገዛ ቋንቋቸው ምን እንደተባባሉ ግን አልጻፈም።